ሌላ ቦታ ለተነሣ ራጅ አራት ብር

ቅዳሜ ማለዳ አመተ ማርያም አሥራ አራት ብር ቆጥራ ከመደቡ ጫፍ አስቀመጠችና ለግድግዳው፣ «ለነገው ተዝካር በግ ይገዛል ተብሏል፤ ገበያ የሚወጣ ሰው ካለ ብሩ ይኸውና» ብላ ነገረችው። ግድግዳው መልስ አልሰጣትም። ብሩን ያነሡት መሪጌታ ወልደአረጋይ ናቸው። እኅቷ ከሞተችባት ወዲህ አመተ ማርያም የእኅቷን ባል የምታነጋግራቸው እንዲህ ነው፤ ምግብ ስታቀርብ «ለሰው ቀርቧል» ትላለች ለሌማቱ፣ ውሃ ስትቀዳ «እጁን የሚታጠብ ካለ» ትላለች ለማሰሮው፤ በዚያች የደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ቤቷ ውስጥ ከመሪጌታ በቀር ያላነጋገረችው ዕቃ አልነበረም። ዝምታዋ ደግሞ እንደ ሌላ ሰው ዝምታ አይደለም። የደብረ ብርሃን የጥቅምት ውርጭ፣ ያ የበሬ ቀንድ የሚሰነጥቀው፣ የወፍ ጩኸት በአየር ላይ አድርቆ የሚያስቀረው ውርጭ፣ ከአመተ ማርያም ዝምታ አጠገብ ቢቀመጥ ለብ ያለ ውሃ ነበር።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ቃል ነው። መስከረም አሥራ ሁለት ቀን የመሪጌታ ሚስት ይመኙሻል በዚሁ በእኅቷ ቤት፣ በዚሁ አልጋ ላይ ዐረፈች። ሬሳው ሳይወጣ፣ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶ እየሰማ፣ ታናሽ እኅቷ አመተ ማርያም ደረቷን እየደቃች «እትዬን ይዘዋት እየዞሩ ጨረሱብኝ» አለች። በጳጉሜን ብርድ ጸበል ለጸበል፣ ከዚያ በጭነት መኪና አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ያለ ውጤት መልስ ማለቷ ነው። ቃሉ በሦስተኛው ቀን ሰላ ድንጋይ፣ በአምስተኛው አረርቲ ደረሰ፤ መሪጌታ አንኮበር ቤታቸው ሲገቡ ቀድሟቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። እሳቸው ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታሙ ሰው አልነበሩም። አንኮበር ላይ ማኅሌት ሲቆሙ ድምፃቸው ገደሉን ወርዶ አልዩ አምባ ገበያ የታሰረ አህያ ያስደነብር ነበር፤ ግመሎቹማ መሪጌታ ካልጨረሱ ተጭነው አይነሡም ይባላል። ያ ሁሉ ድምፅ ለዚያች ለአንዲት ቃል የሚሆን መልስ ሳያገኝ አርባ ቀን ሊሞላው ሆነ። ነገ ተዝካሩ ላይ ያው ለቀስተኛ፣ ያው ጆሮ፣ ተመልሶ ይሰበሰባል። ሌሊቱን ግን መሪጌታ አንድ ምስክር እንዳላቸው ትዝ አላቸው። ምስክሩ በቡናማ ትልቅ ፖስታ ውስጥ ሆኖ ከሳጥኑ ጀርባ የቆመው የይመኙሻል የደረት ራጅ ነው፤ ከተነሣ ጀምሮ አንድም ሐኪም አላየውም። ሐኪም አይቶት የገደላት ጸበሉም መንገዱም እንዳልሆነ ከተናገረ፣ ነገ በሰው ፊት ቆመው ሊናገሩት ወሰኑ። ፖስታውን ከጋቢያቸው ሥር ሸጉጠው ሲወጡ አመተ ማርያም አየች። ለግድግዳውም ምንም አልነገረችው።

ከገበያው በላይ ያለው ክሊኒክ ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው፤ አንዱ ፈረንጁ ሐኪም የሚቀመጥበት፣ አንዱ በሽተኛ የሚጠብቅበት። አግዳሚው ላይ ጉንጩ ያበጠ ገበሬና ሕፃን የታቀፈች ሴት ተቀምጠዋል፤ ወለሉ በባሕር ዛፍ ቅጠል ሳይሆን አፍንጫ በሚቆነጥጥ መድኃኒት ታጥቧል። ግድግዳው ላይ ዋጋ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል፤ ካርድ ሃምሳ ሳንቲም፣ መርፌ አንድ ብር፣ ጥርስ መንቀል ሁለት ብር። ከሁሉ ግርጌ ደግሞ ቀለሙ ገና ያልደበዘዘ አንድ መስመር አለ፤ ሌላ ቦታ ለተነሣ ራጅ መመልከቻ አራት ብር። መሪጌታ የዓመቱን ድጓ በቃላቸው የያዙ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ከባድ መስመር ግን ገጥሟቸው አያውቅም። ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው መዝገብ ያዡም አስተርጓሚውም ዘርአ ዳዊት ነው፤ በልጅነቱ እሳቸው ዘንድ ዜማ ሊማር መጥቶ፣ ድምፁ ዘይት እንዳጣ በር ቢያንቋርርባቸው በሁለተኛው ሳምንት የሸኙት ልጅ። አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከረባት አስሯል። ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ዝቅ አለ፤ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና ብዕሩን አነሣ።

«ለማንሣቱ አዲስ አበባ ሰባት ብር ከፍያለሁ» አሉት።

«ያ ለማንሣቱ ነው አባቴ። ይኼ ለማየቱ ነው።»

«ገላው የሚስቴ፣ ሥዕሉ የኔ፣ ማሽኑ የአዲስ አበባ። የእናንተ ሐኪም ምን አዋጣ?»

«ዐይኑን።»

«ዐይንማ እኔም አለኝ። ሁለት።»

«እንግዲያ በሁለቱ ይዩታ» አለ ዘርአ ዳዊት፣ ያበጠው ገበሬ ጉንጩን ይዞ እስኪስቅ ድረስ።

ይህን ብሎ ፖስታውን ተቀብሎ ገለበጠውና ብዕሩ ቆመ። በክሊኒኩ መዝገብ ይቺ ሴት ይመኙሻል ተብላ ነው ወደ አዲስ አበባ የተጻፈላት፤ ፖስታው ላይ ያለው ግን ወለተሐና የሚል ነው። ማን ናት ብሎ ጠየቀ። መሪጌታ ይህን ነገር ለነፍስ አባታቸው እንኳ አልተናገሩም ነበር። አዲስ አበባ፣ ያ ትልቅ ሆስፒታል፣ ራጅ የሚያነሣው ሰው በመስኮት ብቅ ብሎ የበሽተኛዋን ስም ጠየቃቸው። የቤተ ክህነት ሰው ደግሞ ስለ በሽተኛ ሲጠየቅ፣ ለጸበልም ሆነ ለጸሎት፣ የሚሰጠው የክርስትና ስም ነው፤ ሌላ ስም ለበሽታ አይሰጥም። ወለተሐና አሉት። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ከምድር እስከ ሰማይ በሚደርስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ሰነበቱ። ላይ ሐኪሙ በር ላይ በክሊኒኩ ደብዳቤ ስም «ይመኙሻል» ተብሎ ይጠራል፣ ራጇ የለም፤ ታች ወለተሐና የምትባል ሴት ራጅ ባለቤት አጥቶ መደርደሪያ ላይ ተኝቷል። ይመኙሻል መተላለፊያው ላይ በሳንቃ ወንበር ጋደም ብላ ትጠብቃለች። በሦስተኛው ቀን ፖስታው ሲገኝ ሐኪሙ ወጥቷል፤ ይዛችሁ ሂዱና በአገራችሁ አስዩት ተባሉ። ደብረ ብርሃን በገቡ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ዐረፈች። አመተ ማርያም ይህን አታውቅም። መሪጌታ ግን በየሌሊቱ ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት እነዚያን ሦስት ቀኖች ነበር።

«የክርስትና ስሟን ሰጡ?» አለ ዘርአ ዳዊት ቀስ ብሎ። መልስ ሳይጠብቅ ከስሙ ጎን ይመኙሻል ብሎ ጻፈበት፤ ለዚህ ምንም አላስከፈለም። አራቱን ብር ግን አልተወም፤ የሐኪሙ ነው፣ እኔ አልነካውም አለ። መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣፉ፤ ለመመልከት ገንዘብ የሚቀበል ፍጡር ቢኖር ፀሐይ ከአዳም ጀምሮ ስንት በተጠራቀመላት ብለው፣ እሷ በነፃ ታሳየኛለች ብለው፣ ገበሬውንም ሴቲቱንም ተሰናብተው ወጡ።

የበግ ገበያው ሜዳ ላይ የዋለው በግ ከሰማይ ከዋክብት ጥቂት ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሙክት አሥራ አራት፣ ወጠጤ አሥራ አንድ ይጠራል። መሪጌታ ዋጋውን ትተው ከሜዳው ዳር ቆሙና ራጁን አውጥተው ወደ ፀሐይ ዘረጉት። የይመኙሻል ጎድን አጥንቶች እንደ በገና አውታር ተሰድረው ወጡ። ከአውታሮቹ ኋላ ጉም አለ፣ እንደ አንኮበር የማለዳ ጉም። ጉሙ ደኅና ይሁን በሽታ መሪጌታ አላወቁም፤ ሌላው ግን ሁሉን ዐወቀ። ሰው እንደ ንብ ከበባቸው። አንዱ ሥራይ ነው አለ፤ አንዲት በርበሬ ሻጭ የቡዳ ጥርስ አየሁ ብላ በጣቷ አሳየች፤ ከመንዝ የመጣ አንድ በግ ነጂ ገልብጠው ነው የያዙት ብሎ ዘቅዝቆ መለሰላቸው። ከኋላ የቆመ አንድ ሰው ይኼ ሰው ነው ወይስ በግ፣ የሚሸጥ ከሆነ ስንት ነው ብሎ ጠየቀና ሁሉም ሳቀ። መሪጌታም በልማዳቸው አንድ የሚቆርጥ መልስ ሊሰጡት አፋቸውን ከፍተው ነበር። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ከፊታቸው የተዘረጋችው ይመኙሻል መሆኗ ተሰማቸው። ይመኙሻል ሻሽዋ ሸርተት ቢል ከባዳ ሰው ፊቷን አዙራ የምታስተካክል ሴት ነበረች፤ አሁን ከልብሷም ከቆዳዋም ተራቁታ፣ እስከ አጥንቷ፣ የቅዳሜ ገበያ ይስቅባታል። ራጁን በጋቢያቸው ሸፈኑና ሳይናገሩ ከሰዉ መሐል ወጡ።

ያገኛቸው አብዱልጀሊል ነው፣ ከአልዩ አምባ በርበሬና ጥጥ ጭኖ የሚወጣው ነጋዴ፣ የሠላሳ ዓመት ወዳጃቸው። እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ አላህ ያጽናህ አላቸው፤ የዛሬ አርባ ቀን ለቅሶ ደርሶ ያለውን ነው ደግሞ ያለው። ከጭነቱ ላይ አስቀመጣቸው። መሪጌታ የአራቱን ብር ነገር ነገሩት፣ በአፋቸው ላይ አራቱ ብር አርባ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አብዱልጀሊል ጥርሱን እየፋቀ እስከ መጨረሻው ሰማቸው።

«በቅሎ ስትገዛ አብረን አልነበርንም?» አላቸው። «የከብት ጥርስ አይቶ ዕድሜ የሚናገረው ሽማግሌው አብዱልሀሚድ አፏን ከፍቶ አየ፤ ሰባት ዓመት አይደለችም፣ አሥራ አራት ናት አለህ፤ ብሩን ተቀብሎህ ሄደ። በቅሎዋን አልወለዳት፣ አላሳደጋት። ያኔ ምን አዋጣህ አላልከውም።»

«እሱ ዋሽቶ ቢሆን አንቀው ነበር።»

«እኮ። የከፈልከው ለዚያ ነው። አይቶ፣ ተናግሮ፣ ለተናገረው ሊታነቅ።» መፋቂያውን ተፋ። «ይመኙሻልን እኔ ካቻምና አይቻታለሁ፣ ከገበያችን ስትወጣ። ያን ዳገት አራት ጊዜ ተቀምጣ ነው የጨረሰችው። በእጇ አንድ ቁና ጨው ብቻ ነው የያዘችው።»

መሪጌታ ይህን በአንድ ጆሯቸው ሰሙት። በሌላው ከአሥራ አራት ላይ አራት ሲነሣ ምን ዓይነት በግ እንደሚገዛ ያሰሉ ነበር። ተነሥተው ወደ ክሊኒኩ ዳገቱን ወጡ።

ሐኪሙ ረጅም፣ ዐይኑ ሥር የጠቆረ፣ አንዱ የካፖርት ቁልፉ የወለቀ ሰው ነው። ራጁን በመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፎ ዐየው። ከዚያም ቀረብ ብሎ ዐየው፣ ራቅ ብሎ ዐየው፣ መነጽሩን አውልቆ ዐየው። ገበያው ላይ ሃምሳ ሰው በአንድ ትንፋሽ ያየውን ይህ ሰው ብቻውን፣ ከንፈሩ ሳይነቃነቅ፣ ከትንሣኤ ሌሊት የረዘመ ጊዜ ወሰደበት፤ መሪጌታ አራቱን ብር ለመጀመሪያ ጊዜ ረሱት። ሐኪሙ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀ። ዘርአ ዳዊት ከረባቱን ነካ አደረገ።

«ስንት ዓመት ሙሉ ስታስል ነበር ይላሉ።»

«እሷ? እሷ አትስልም ነበር። በጳጉሜን ነው የጀመራት።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ጣቱን ከበገናው አውታር መሐል በአንደኛው ነጭ ጠባሳ ላይ አኖረና ረጋ ብሎ ተናገረ፤ ዘርአ ዳዊት ደግሞ ሳይጨምር ሳይቀንስ ወደ አማርኛ መለሰው። ይህ የሳንባ ነቀርሳ ነው። የጳጉሜን ሥራ አይደለም፤ ትንሽ ቢባል አራት ዓመት ሲበላት ኖሯል፤ ይኼኛው ቁስል ድኖ ጠባሳ የሆነ ነው፣ ይኼኛው ከሱ በኋላ የመጣ ነው፣ ይኼ ጉም የመጨረሻው ነው። መሪጌታ ስለ ጸበሉ፣ ስለ መንገዱ፣ ፖስታው ስለ ጠፋባቸው ሦስት ቀኖችም በዘርአ ዳዊት አስጠየቁ። ጸበሉ አልገደላትም። መንገዱም አልገደላትም። አዲስ አበባ ላይ ያለፉት ሦስት ቀኖች ባያልፉም ኖሮ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት መጥታ ቢሆን ግን መድኃኒት አለው፤ ብዙ ሰው ይድንበታል።

መሪጌታ የመጡበትን ቃል አገኙ። ጸበሉም መንገዱም ሦስቱም ቀን፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ነጻ ወጡላቸው። ሐኪሙ ግን አልጨረሰም ነበር። ክፋት በሌለበት፣ ለመዝገቡ ብቻ በሚጠይቅ ድምፅ፣ አንድ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ ሲሳል እንዴት አልተሰማም አለ። ዘርአ ዳዊት ጥያቄውን ሲተረጉም ዐይኑን ወደ መሬት አደረገ። በልጅነቱ ሁለት ሳምንት በዚያ በአንኮበሩ ቤት ተቀምጧልና ቤቱን ያውቀዋል፤ አንድ ክፍል ነው፣ በአንዱ ጥግ ጉባኤው፣ በሌላው ጥግ እሷ።

መሪጌታ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ያን ጊዜ የመጣባቸው የይመኙሻል ነጠላ ነው፤ ጫፉ ሁልጊዜ የተጨማደደና እርጥብ ነበር። ዜማ ሲያስተምሩ ነጠላዋን ወደ አፏ ታደርግና ብድግ ብላ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ እሳቸው ዶሮዎቹን ልታይ ይመስላቸዋል። ቆይታ ትመለሳለች፣ ፊቷ ቀልቶ። አንድ ጊዜ፣ ኅዳር ላይ ይሆናል፣ አሥራ አንድ ተማሪ በተቀመጠበት፣ ዜማው ከፍ ብሎ ሊመለስ ሲል በመሐል ሳል አመለጣት። «ዜማ አታቋርጪ እንጂ አንቺ ሴት» አሏት። በቁጣም አልነበረም፤ ተማሪዎቹ ሳቁ፣ እሷም ፈገግ አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ሳል ተሰምቶ አያውቅም።

«አልሰማሁም በላቸው» አሉ። አልዩ አምባ ድረስ ይሰማል የተባለው ድምፅ ከጠረጴዛው ወዲያ አላለፈም፤ ዘርአ ዳዊት ደግመው እንዲናገሩ ጠየቃቸው።

ሐኪሙ ያየውን በወረቀት ጽፎ ከግርጌው ስሙን ፈረመበት። ከእሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያደረ ሁሉ፣ መሪጌታም ተማሪዎቹም፣ መጥቶ ይታይ አለ። ዘርአ ዳዊት አራቱን ብር ተቀብሎ ደረሰኝ ቆረጠና እስከ ደጅ ሸኛቸው። ደጅ ላይ ጉልበታቸውን ሳመ።

ገበያው ሲበተን የቀረ በግ ርካሽ ነው። በአሥር ብር የገዙት ወጠጤ ከእሱ ይልቅ ጥላው የሚከብድ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ገመዱን ይዘው ባይጎትቱት አዋሽ የሚወርድ ዐይነት ነበር። መንገዱን ሁሉ ነገ የሚናገሩትን አዘጋጁ። ወረቀቱን ከፍ አድርገው ይዘረጋሉ። የሐኪሙ ስም ይነበባል። ጸበሉ አልገደላትም፣ መንገዱ አልገደላትም ይላሉ፤ ለቀስተኛው አመተ ማርያምን ዞሮ ያያታል። ንግግሩ እስከ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አጥር ድረስ ያምር ነበር። አጥሩን ሲያልፉ፣ ይመኙሻል የተቀበረችበትን ወገን ሲያዩ፣ ከየት እንደሚጀምር ጠፋባቸው። ወረቀቱ ላይ ሌላም መስመር ነበረ። አራት ዓመት የሚል።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አመተ ማርያም ደጃፉ ላይ ለነገው የምትለቅመውን ምስር በሰፌድ ይዛ ተቀምጣለች። በጉን ዐየችው። ከዚያ እሳቸውን ዐየቻቸው፣ ግድግዳውን ሳይሆን።

«በጉ አነሰ» አለች።

«አራት ብር ለሐኪም ሰጠሁ። ራጁን እንዲያይልኝ።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ጎረቤት ቤት አንድ ሰው እንጨት ይፈልጣል፤ ሦስት ጊዜ ፈለጠ፣ አራተኛውን ዘገየ። መሪጌታ ወረቀቱን ከደረታቸው አወጡ። ያዘጋጁትን ሁሉ ሊሉ ይችሉ ነበር፤ የሐኪሙ ፊርማ በእጃቸው ነው፤ ያቺ ከመስከረም ጀምሮ አገር ያዳረሰች ቃል በዚህች ሰፌድ አጠገብ ወድቃ ትቀር ነበር።

«ምን አለ?» አለች።

«አራት ዓመት ሲበላት ኖሯል አለ።»

አመተ ማርያም ሰፌዱን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች። አላለቀሰችም። ጣቶቿን እንደሚቆጥር ሰው አንድ በአንድ አጠፈቻቸው።

«እኔ አምስት ነው የቆጠርኩት» አለች። «በመጣች ቁጥር እሰማት ነበር። ልንገራቸው ስላት፣ ‹ተይ፣ ዜማውን ትበጠብጪበታለሽ› ትለኛለች። አልነገርኩዎትም።»

መሪጌታ ወረቀቱን አጥፈው ከፖስታው ውስጥ፣ ከራጁ ጋር ከተቱት። አመተ ማርያም ደጃፉ ላይ ጠጋ አለችላቸው፤ ተቀመጡ። ገመዱ ከእጃቸው ወልቆ በጉ ወደ ግቢው መሐል ሄደና መጮህ ጀመረ። ሁለቱም አልተነሡም።